ውሃ በ90 ዲግሪ የሚፈላበት አገር

በ1859 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሠራተኞች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አቅልጠው አፈሰሱ። በዚያው ሰሞን ግላስጎው ላይ ጆሴፍ ሊስተር የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ቁስልንና የሐኪምን መሣሪያ በካርቦሊክ አሲድ ማጽዳት የብዙ ሰው ነፍስ እንደሚያተርፍ የሚያስረዳውን ጽሑፉን ያሳትም ነበር። መድፉ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ በጋይንት ደጋ አለፈ፣ የበሽሎን ገደል ተሻገረ፣ መቅደላም ወጣ። የሊስተር ትምህርት ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ አሥርት ዓመታት ወሰደበት።

እዚህ የሚተረከው ከመድፉ እጅግ የሚያንስ ብረት ነው። አዋላጆችና ሐኪሞች ስፔኩለም ይሉታል፤ የማህፀን ጫፍ የሚታይበት፣ ሁለት ምላስ ያለው፣ በመዳፍ የሚያዝ መሣሪያ። ከፎርሴፕሱና ከመቀሱ ጋር በኪድኒ ዲሽ ተደርድሮ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ የሚያልፍ ዕቃ ነው። ዕቃው በሁለቱ ሴቶች መካከል ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳጠበው፣ በምን እንደተቀቀለ መርማሪውም ሆነ ተመርማሪዋ አብዛኛውን ጊዜ አያዩም። በደቡብ ጎንደር፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች ሴቶች ጤና ግን ለብዙ ዘመን በዚያ ባልታየ ሰዓት ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

መሣሪያው ራሱ ጥንታዊ ነው። እሳተ ገሞራ በቀበራት በጣሊያኗ ፖምፔይ፣ የሐኪም ቤት እንደነበረ በሚታመን ፍርስራሽ ውስጥ፣ በሽክርክሪት የሚከፈት የነሐስ ስፔኩለም ተገኝቷል፤ ዕድሜው ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ይጠጋል። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚታየው ባለ ሁለት ምላስ ዓይነት ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ የፈረንሳዊው ኩስኮና የአሜሪካዊው ግሬቭስ ስም እስከ ዛሬ ይጠራበታል። በዚያ ዘመን የሐኪም መሣሪያ ብዙ ጊዜ የእንጨት ወይም የዝሆን ጥርስ እጀታ ነበረው። ጀርም የሚባለው ነገር መኖሩ ከታወቀና የፓስተር ባልደረባ ሻርል ሻምበርላን እ.ኤ.አ. በ1879 በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለውን አውቶክሌቭን ከሠራ በኋላ፣ ያ ያማረ እጀታ በፈላ ውሃና በእንፋሎት እየተሰነጠቀ ከገበያ ወጣ። መሣሪያው ሁሉ ሙሉ በሙሉ ብረት ሆነ፤ ቀጥሎም የማይዝግ ብረት መጣ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የእጅ ቀዶ ሕክምና መሣሪያ ብዙው የሚሠራው በፓኪስታኗ ሲያልኮት ከተማ ነው።

ስለ ስፔኩለም ሲወራ ሊዘለል የማይገባው የሲምስ ታሪክ ነው። ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ከ1845 እስከ 1849 እ.ኤ.አ. በአላባማ፣ ሞንትጎመሪ፣ በባርነት የተያዙ ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ እየደጋገመ ቀዶ ፊስቱላን መጠገን ተማረ። ስማቸው የተመዘገበው ሦስቱ አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ ናቸው። የመጀመሪያ ስፔኩለሙን የሠራው ማንኪያ አጥፎ ነበር። በዚያ ማንኪያ አምሳል የወጣው የሲምስ ስፔኩለም ዛሬም የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ዋና መሣሪያ ነው። ኢትዮጵያም ውስጥ የሚሠራበት ምጥ ለቀናት ጸንቶባቸው፣ ሕፃኑን አጥተው፣ ሽንት መቆጣጠር ተስኗቸው ለተሰደዱ እናቶች ነው። የሦስቱ ሴቶች ስቃይ ከጉና ተራራ ግርጌ ለምትኖር ሴት መዳኛ መሆኑ በክብር ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ መልክዓ ምድር ለወላድ አይራራም። ከጉና ብርድ ተነስቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ አገር ነው፤ አንዱ ቀበሌ ውርጭ ሲመታው የሌላው ማሽላ ያብባል። በቻይናውያን የተሠራው የወረታ–ወልዲያ መንገድ በደርግ ዘመን ተጠናቅቆ የጋይንቷን ከተማ ነፋስ መውጫን ከደብረ ታቦር እስኪያገናኝ ድረስ ምጥ የጠናባት ሴት የምትወርደውም የምትወጣውም በሰው ትከሻ ነበር። የስማዳና የእስቴ ቆላ ደግሞ ከዚያ በኋላም ብዙ ጠብቋል። የሚያዋልዱት የልምድ አዋላጆች ነበሩ፤ እትብት የሚቆረጠው ቤት ባለው ስለት ነበር። የእነዚያ እናቶች ብልሃት አይናቅም፤ ሌሊት ተጠርተው ያለ ክፍያ የሄዱ ናቸው። ስለቱ ግን ዓይን የማያየውን የመንጋጋ ቆልፍ ዘር ይዞ ሊመጣ ይችል ነበር፤ ያ ዘር በአፈርና በእበት ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

በወሊድ መሞት የድሃ ብቻ ዕጣ አልነበረም። ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በነርስነት የሠለጠነችው ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች፤ ገና ወጣት ነበረች። በስሟ አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ሆስፒታል ሐኪሞቹን ሬጂናልድንና ካትሪን ሃምሊንን እ.ኤ.አ. በ1959 ተቀበለ። የመጡት የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር፤ ያገኙት ግን በፊስቱላ የተጎዱ ሴቶችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን መሠረቱ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ ተከፈተ። ለእስቴና ለስማዳ ሴት ይህ ማለት የአዲስ አበባውን ረጅም ጉዞ መተው ነበር። በሆስፒታሉ ታካሚ ሆና ገብታ፣ አልጋ እያነጠፈችና በቀዶ ሕክምና ክፍል እየረዳች ቆይታ፣ ፊደል ሳትቆጥር የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ እስከ መሆን የደረሰችው ማሚቱ ጋሼም የዚሁ ታሪክ ልጅ ናት።

ወደ ደቡብ ጎንደር ስንመለስ፣ ዘመናዊ ሕክምና መጀመሪያ የታየው በደብረ ታቦር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደዚያ የገባው የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሕክምናም ይሰጥ ነበር። በ1940 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከመንግሥት፣ ከአሜሪካ ዕርዳታ፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ በተገኘ ድጋፍ ተከፈተ። ያ ኮሌጅ ለገጠሩ ሦስት ዓይነት ሰው አወጣ፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ። ሦስቱ አብረው እንዲወጡ መታሰቡ ብልህነት ነበር፤ ነርሷ የምታዋልድበትን መሣሪያ የምታጥብበት ውሃ የአካባቢ ጤና ባለሙያው ጉዳይ ነውና። በትንንሾቹ ክሊኒኮች ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ድሬሰር ብቻ ነበር፤ መርፌ የሚወጋውም፣ ቁስል የሚያጥበውም፣ መሣሪያ የሚቀቅለውም እሱ ነው።

የሚቀቅለውስ በምን? በቡታጋዝ ላይ በተጣደ ድስት። ላምባ ሲጠፋ በእንጨት። መሣሪያው ላይ አልኮል አፍስሶ ክብሪት መጫርም የተለመደ ነበር፤ ነበልባሉ ዓይን ያረካል፣ ብረቱን ያበላሻል፣ በመጋጠሚያው ውስጥ የተደበቀውን ጀርም ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካው ያልፋል።

በዚህ ቦታ ላይ የጋይንት ከፍታ ራሱ ወደ ታሪኩ ይገባል። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚያ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፣ ከዚያ ወዲያ እሳቱ ቢጨመርም ሙቀቱ አይጨምርም። ደብረ ታቦር፣ ወደ 2,700 ሜትር ላይ፣ ትንሽ ትሻላለች። በሌላ አገር፣ በባሕር ዳርቻ የተጻፈ የነርስ መጽሐፍ ይዞ ወደዚህ የወጣ ባለሙያ የሚያነበው ቁጥር የሌላ አየር ቁጥር ነበር።

ደግነቱ ለስፔኩለም 90 ዲግሪ ይበቃል። እርጥብ ሙቀት ከ80 ዲግሪ በላይ ሆኖ 20 ደቂቃ ከቆየ አብዛኛውን ባክቴሪያና ቫይረስ ይገድላል፤ ስለዚህ የሥልጠና መመሪያዎች መቀቀል እስከ 5,500 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚሠራ ይናገራሉ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚያ የሚልቅ ተራራ የለም። ግን ሁሉም መሣሪያ ውሃ ውስጥ መስጠም፣ ክዳኑ መገጠም፣ ደቂቃውም ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ መቆጠር አለበት። በመሃል አንድ ፎርሴፕስ የተጨመረ እንደሆነ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። የመንጋጋ ቆልፍን ዘር ግን መቀቀል አያጠፋውም፤ ጉናም ላይ ሆነ ባሕር ዳርቻ። አሜሪካዊው ኧርል ስፖልዲንግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያወጣው ክፍፍል የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የለሰለሰ አካልን ብቻ የሚነካ ስፔኩለም ከፍ ያለ ፀረ ተህዋስያን ሂደት ይበቃዋል፤ እትብት የሚቆርጠው መቀስና ማህፀን ውስጥ የሚገባው መሣሪያ ግን ከጀርም ዘር ጭምር ፈጽሞ መጽዳት አለበት።

ለዚያ የመጣው አውቶክሌቭ ነው። ወደ ገጠር የወጣው ዓይነት ወፍራም ክዳንና መቆለፊያ ያለው፣ በቡታጋዝ ላይ የሚጣድ ትልቅ የብረት ማሰሮ ነበር፤ የግፊት መለኪያ ሰዓቱ 15 ፓውንድ ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ደርሷል ተብሎ ይቆጠራል። በዚህ ሙቀት ያልተጠቀለለ መሣሪያ 20፣ የተጠቀለለ 30 ደቂቃ ይቆያል። ሰዓቱ የሚለካው ግን በውስጥና በውጭ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ የውጩ አየር ደግሞ በ3,000 ሜትር ላይ ከባሕር ዳርቻው በሲሶ ገደማ ይቀላል። ስለዚህ ነፋስ መውጫ ላይ ሰዓቱ 15 ሲል ውስጡ ያለው ሙቀት 116 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው። አምስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ የጀርም ዘርን ለመግደል የሚፈጀውን ጊዜ ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል። ማረሚያው ቀላል ነው፤ ለየ300 ሜትሩ ግማሽ ፓውንድ መጨመር፣ ለነፋስ መውጫ ሰዓቱ 20 እስኪል መጠበቅ። በሙቀት መለኪያ የሚመራው አዲሱ አውቶክሌቭ ይህን ራሱ ያስተካክላል። በግፊት ሰዓት የሚሠራው አሮጌው ግን የሰው ዕውቀት ይፈልጋል፤ በየደጋው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ በጉልህ ተጽፎ መለጠፍ ያለበት ቁጥር ቢኖር ይህ ነው። ደረቅ ሙቀት ያለው ምድጃ፣ በ170 ዲግሪ አንድ ሰዓት፣ ከፍታ አይገደውም፤ መብራት ግን ይፈልጋል፣ ስለትም ያዶለዱማል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሁሉን ነገር ለወጠው። ሰው መርፌውን ከፋርማሲ ራሱ ገዝቶ መምጣት ጀመረ። ታጥቦ፣ ዱቄት ተነስንሶበት፣ ተቀቅሎ ዳግም ይሠራበት የነበረው ጓንት ቀስ በቀስ ቀረ። በየምርመራ ክፍሉ አንድ ባልዲ ተጨመረ፤ 0.5 በመቶ ክሎሪን። ስሌቱን ያልሸመደደ አዋላጅ አልነበረም፤ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና አንድ እጅ፣ ከውሃ ዘጠኝ እጅ፣ መሣሪያው ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ኢግናዝ ዜመልቫይስ በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የሐኪሞችን እጅ ያስታጠበበት ውሃ የዚሁ በረኪና ዘመድ ነበር፤ ያኔ የወላዶች ሞት በጥቂት ወራት ውስጥ አሽቆልቁሏል። ባልዲው ለሚያጥበው ሰው ሥጋት ማስታገሻ ሆኖ ለሃያ ዓመት ያህል ገዛ።

ከዚያ ምክሩ ተገለበጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመሣሪያ ማጽጃ መመሪያ፣ ከመታጠቡ በፊት መሣሪያን በክሎሪን መዘፍዘፍ እንዲቀር መከረ። ምክንያቶቹ የሚታዩ ናቸው። ደም ክሎሪኑን ያዳክመዋል፤ ክሎሪኑ ብረቱን ይበላዋል፤ በበሳው ቦታ ቆሻሻ ይደበቃል፤ ጭሱም የሠራተኛውን ሳንባ ይጎዳል። ከአሥር ደቂቃ አልፎ የተረሳ ስፔኩለም ሲወጣ ዝገቱን ማንም ያየዋል። አሥርት ዓመታት ሙሉ የተማሩትን እንዲተዉ የተጠየቁት ሰዎች ቢያመነቱ አይፈረድባቸውም፤ ትናንት ሕይወት አዳኝ የተባለውን ባልዲ ዛሬ አጥፊ ነው ሲባሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ምክንያቱን ነው፣ ምክንያቱም በአማርኛ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

በምትኩ የመጣው አሮጌው ነገር ነው፤ ውሃ፣ ሳሙናና ብሩሽ። የጋይንት እናት የወተት ቅል ከማጠኗ በፊት ውስጡን በሣርና በውሃ አሽታ ታጥባለች፤ ያልታጠበ ቅል ወይራ ቢታጠንም ወተቱን ያበላሻል። አውቶክሌቭም እንዲሁ ነው። ስፔኩለሙ ብሎኑ ተፈትቶ፣ ምላሶቹ ተለያይተው፣ መጋጠሚያው ከውሃ በታች በብሩሽ ካልታሸ፣ የደረቀ ንፍጥና ደም እንፋሎቱን ይከለክላል። ይህ በወፍራም ጓንት፣ በፕላስቲክ ሽርጥና በዓይን መከለያ የሚሠራ ሥራ ነው። ከታጠበ በኋላ መድረቅ አለበት፤ በክረምት፣ ጭጋግ ከጉና ሲወርድ፣ እርጥብ ብረት ድረም ውስጥ ከተከተተ ዝገቱ ይፈጥናል።

ይህን የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ሥልጠና ሲመጣ የሚጠራው ሐኪሙና አዋላጇ ነው፤ ብሩሹን የምትይዘው እናት ስሟ ዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ወጥ ያልሆነው የመሣሪያ ንጽሕና ከዚህ የሚመነጭ ይመስላል፤ የሥራው ክብደት ከሠራተኛዋ ክብርና ደመወዝ ጋር ተራርቋል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መደበ። በአገር ደረጃ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ1992 ዓ.ም. ጥናት 5 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 በመቶ ደረሱ። ሉፕ ማስገባትም፣ ውርጃን በተወሰኑ ሁኔታዎች ከፈቀደው ከ1997ቱ የወንጀል ሕግ በኋላ በእጅ በሚሠራው ኤምቪኤ ማህፀን ማጽዳትም ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። ይህ ሁሉ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሴቶች መልካም ዜና ነው። የሚታጠበው መሣሪያም በዚያው ልክ በዛ፤ ኤምቪኤው ደግሞ ፕላስቲክ በመሆኑ ደረቅ ምድጃ ውስጥ ቢገባ ይቀልጣል፣ የራሱን መንገድ ይፈልጋል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ደረሰ። የህወሓት ታጣቂዎች ከተማዋን በያዙባቸው ቀናት የተፈጸመውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከሁለት ወራት በላይ ቆይቶ ይፋ አድርጎታል፤ ተደፍረናል ያሉ 16 ሴቶችን አነጋግሮ ነበር። ሆስፒታሉም ተዘርፏል፣ ተጎድቷል። እነዚያ ሴቶች ከማንም በላይ ንጹሕ መሣሪያና የሚራራ እጅ በሚያስፈልጋቸው ሳምንት የከተማቸው ሆስፒታል ሊሰጣቸው አልቻለም። ከዘረፋ ዜና መካከል ጄነሬተርና መድኃኒት ይጠቀሳሉ፤ የአውቶክሌቭ መጥፋት ግን የቀሩትን መሣሪያዎች ሁሉ አብሮ ያስቆማል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም መንገድ በዘጋ ቁጥር ሳሙናውን፣ ጓንቱንና መለዋወጫውን ያስቀራል።

አሁን በደጁ የቆመው ሥራ የማህፀን ጫፍ ካንሰር ምርመራ ነው። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ሁሉ እንዲመረመሩ አገሪቱ መመሪያ አውጥታለች፤ ዘዴውም በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ አንድ ደቂቃ ጠብቆ ማየት ነው፣ ያለ ስፔኩለም አይሆንም። የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሊሠራው የሚገባ ስሌት አለ። ስምንት ስፔኩለም ያለው ጣቢያ ስምንት ሴቶች ካየ በኋላ ይቆማል። ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መጠቅለል፣ አውቶክሌቩን ማሞቅ፣ 30 ደቂቃ መቆየት፣ ማብረድ፤ ሁለት ሰዓት በቀላሉ ይሄዳል። በገበያ ቀን ከቆላ የወጣች ሴት ሁለት ሰዓት አትጠብቅም፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ዳገቱን መውረድ አለባት። ሃያ ስፔኩለም ያለው ጣቢያ ግን የገበያውን ቀን ሙሉ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚመክረው የኤች ፒ ቪ ምርመራ ሴቲቱ ራሷ በጥጥ ናሙና እንድትወስድ ስለሚፈቅድ ከዚህ ሸክም ብዙውን ያቀላል። ውጤቷ ቫይረሱ አለ የሚል ሴት ግን ለማየትና ለመታከም አሁንም ከስፔኩለሙ ፊት ትቀርባለች፤ ነፋስ መውጫ ላይ ከሆነና ሰዓት የሚነበብበት አሮጌው አውቶክሌቭ ከሆነ ያለው፣ መርፌው 20 ላይ ደርሶ 30 ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል።